ዘጠና ሰባት ወይስ ሰባ ዘጠኝ

አርዲት ፕሩት መቀስ ይዛ ጋዜጣ ትቆርጣለች። እንደ ነገሩ አይደለም የምትቆርጠው፤ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ፣ የውጤት ሰንጠረዡን የከበበችውን ቀጭን መስመር ሳትነካ ነው። ስትጨርስ በዱቄትና በውሃ የሠራችውን ማጣበቂያ በጣቷ ጫፍ ታነሳና የወረቀቱን ጀርባ ትቀባለች። ከዚያ ሃያ ሁለተኛው ደብተሯ ላይ ታስቀምጠውና ሆዱን የቆረጠው ሕፃን እንደሚታሽ ሁሉ በመዳፏ ቀስ እያደረገች ታሸዋለች። ልጇ ከሱቅ ሙጫ እንድትገዛ ስንት ጊዜ ለምኗታል። «የሱቅ ሙጫ ወረቀቱን ያጨማድደዋል» ትለዋለች። የዱቄቱን ማጣበቂያ ደግሞ አይጥ ይወደዋል፤ የአምስተኛው ደብተር ግማሽ ያለው አይጥ ሆድ ውስጥ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ወሩ ጥቅምት። ከፊቷ ያለው የትናንቱ የሐሙስ ሩጫ ውጤት ነው። ትናንት በብሪያር ክሪክ የፈረስ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነው የዋለው። አርዲት እርሳሷን በድንች ቢላ ቀረጸች፤ ደመረች፣ ቀነሰች፣ አሰበች፣ እንደገና ቀነሰች። መጨረሻ ላይ «ትኩስ ብስኩት» ከሚለው የፈረስ ስም አጠገብ 79 ብላ ጻፈችና እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ቁጥሯ ምን ጦስ ይዛ እንደምትመጣ ያን ጊዜ አላወቀችም።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ፈረስ ሦስት አራተኛ ማይል በአንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ሮጠ ቢሏችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም። መሬቱ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ ነበር? ወይስ እንደ ገንፎ እግር ይይዝ ነበር? በዚያ ቀን የሮጠ ፈረስ ሁሉ ከፈጠነ፣ የፈጠነው ፈረሱ ሳይሆን መሬቱ ነው። የአርዲት ሥራ የመሬቱን ለመሬቱ፣ የነፋሱን ለነፋሱ ሰጥቶ ለፈረሱ የሚገባውን ብቻ ማስቀረት ነው። የቀረው «ቁጥር» ይባላል። ፈረስ የሚገምቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚጣሉትም በዚሁ ነው፤ አንዱ ሌላውን ለመሬቱ አበዛህ ይለዋል፣ ሌላው አንተ ደግሞ ከፈረሱ ነጠቅህ ይለዋል።

እሷ ይህን ማካፈል የተማረችው ከፈረስ ሳይሆን ከድንች ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች። እንቁላል የምትቀቅልበትን የሩጫ ሰዓት አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር። አንድ ቀን ሥራ ፈትታ ሳለ ጓደኞቿ ድንች ሲልጡ በሰዓቱ ለካቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ መተው አልሆነላትም። «ያንቺ ድንች ትንንሽ ስለነበር ስድስት ነጥብ ጨምሬልሻለሁ» ትላለች ለአንዷ። «አንቺ ደግሞ አዲስ ቢላ ነበረሽ፤ አራት ቀንሼብሻለሁ።» አራት የተቀነሰባት ሴት ሦስት ሳምንት አኮረፈቻት።

ቤተ ክርስቲያንም አልተረፈም። አንድ እሁድ ፓስተሩ በር ላይ ቆሞ ምእመናኑን እየጨበጠ ሲያሰናብት፣ «የዛሬው ስብከት አርባ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል፤ ሙቀት ስለነበር ግን ሠላሳ ስድስት ብዬ ይዤዋለሁ» አለችው።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አላት ፓስተሩ ግራ ተጋብቶ።

«ለርቀቱ ደህና ነው።»

ባሏ ሃርላን ዓሣ የሚያጠምድ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ስለ ፈረስ የሚያውቀው አራት እግር እንዳለው ብቻ ነው። ማታ ዓሣውን ይዞ ሲገባ ትመዝንለትና «ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እንዲህ አይቆጠርም» እያለች ትቀንስበታለች። እሱ ሳቅ ብሎ ዓሣውን ይጠብሳል። የተቀነሰበትም አልቀረበትም፤ ሁለቱም እኩል ይበሉታል።

ጡረታ ከወጣች በኋላ የአርዲት ቦታ ሜዳው ላይ ያለው ምሳ ቤት ሆነ፤ ሦስተኛው ምሰሶ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ። ሰው ባቄላውንና የበቆሎ ዳቦውን ይዞ በዚያ ያልፋል። የፈረስ ጠባቂ፣ የጋላቢ እናት፣ የውርርድ ትኬት መስኮት ላይ የምትሠራው ጄኔል ሳትቀር ጎንበስ ብለው ይጠይቋታል፦ «ሚስ አርዲት፣ ስንት ሮጠ?» አርዲት እንደ ተማሪ ገጿን በእጇ ትሸፍናለች፣ ትንሽ ታስጠብቃቸዋለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲጠይቃት የኖረው «ደረሰ ወይ?»፣ «ሸሚዜ የት ነው?»፣ «ጨው አለ?» እያለ ነው። «ስንት ሮጠ?» ግን ሌላ ነበረች። የጠየቃት ሰው የማያውቀውን፣ ከሷ በቀር ማንም የማይነግረውን ነገር ነው የጠየቃት። ለዚህች ጥያቄ ስትል ጠዋት ፀጉሯን ታበጥር ነበር።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ የፈረስ ጋዜጣው ከየፈረሱ ስም አጠገብ የራሱን ቁጥር በደማቁ ማተም ጀመረ። መጀመሪያ ሳምንት ሰዎች ከሷ ቁጥር ጋር ሊያመሳክሩ መጡ። ሁለተኛው ሳምንት ከሩቅ እጃቸውን አውለበለቡላት። በጋው ሲገባ ጋዜጣቸውን አጥፈው በጀርባ ኪሳቸው እያደረጉ ቀጥ ብለው ወደ ትኬት መስኮቱ መሄድ ጀመሩ። ጥቅምት ላይ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ከሷ ጋር የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አንዱ ኦሪን ቲስሊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን ክራባት ያስራል፤ የከተማውን ግማሽ ስላስተማረ ሰው ሲሳሳት እጁ ሳያውቀው ጠመኔ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ቤቱ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ያተመለትን፣ ጠርዙ የተበሳሳ እንደ ጥቅል ጨርቅ የሚተረተር ወረቀት ተሸክሞ ይመጣል። ሌላው ፀጉር አስተካካዩ ዱዊ ሃርጊስ ነው። ዱዊ በቁጥር አያምንም፤ የአርዲትም ይሁን የጋዜጣው ሁሉም ለሱ አንድ ነው። ፈረስ የሚሮጠው በጆሮው ነው ብሎ ስለሚያምን ሩጫው ሳይጀመር ሄዶ ጆሮ ጆሯቸውን ሲያይ ይውላል።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሁለት ሳምንት አለፈ። ዓርብ ዕለት ኦሪን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጋዜጣውን ከላዩ አስቀመጠበት።

«ትኩስ ብስኩት ነገ ስድስተኛው ሩጫ ላይ ነው» አለ። «ለዚያ ለዝናቡ ሐሙስ ጋዜጣው ዘጠና ሰባት ሰጥቶታል። አንቺስ?»

«ሰባ ዘጠኝ» አለች አርዲት።

ዱዊ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ቀና አለ። «ምን ያጣላችኋል? ያው አንድ ቁጥር አይደለም እንዴ? አንዳችሁ ከኋላ ጀምራችሁ አንብባችሁት ነው።»

«ዱዊ፣ አንተ ብላ» አለው ኦሪን። «አርዲት፣ ስሚኝ። አሥራ ስምንት ነጥብ ልዩነት ስህተት አይባልም፤ ሌላ ፈረስ ነው። ምን አይተሽ ነው?»

«በሩን አይቼ ነው።»

ፈረሶቹ የሚነሱበት የብረት በር በትራክተር እየተጎተተ ነው ቦታ ቦታው የሚቆመው። የሜዳው ሰዓት ግን በሩ ሲከፈት አይነሳም፤ ፈረሶቹ ጥቂት ተንደርድረው ከፊት ያለውን የብርሃን ጨረር ሲያልፉ ነው የሚነሳው። ዘወትር መንደርደሪያው በአጥሩ ሲቆጠር አራት ቋሚ ነው። ያን ሐሙስ ዝናቡ የተለመደውን ቦታ ስለሸረሸረው በሩን ወደ ኋላ ስበውት ነበር። አርዲት ዝናቡ ውስጥ ቆማ በጃንጥላዋ ጫፍ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ ቋሚ።

«አሥራ ዘጠኝ ቋሚ ተንደርድሮ የመጣ ፈረስ ሰዓቱ ሲነሳ በሙሉ ጉልበቱ እየበረረ ነው» አለች። «አንድ ሴኮንድ ከሩብ በነጻ አግኝቷል። ፈረሱ መቼ ሮጠው?»

«ያንቺ መንደርደሪያ ራሱ ከፈረሱ ሩጫ ይረዝማል» አለ ዱዊ።

«በሩ ወደ ኋላ መሄዱን ማን አየ?» አለ ኦሪን።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ዝናብ ነበር፣ ኦሪን። ሌላው ሰውማ እንዳንተ ቤቱ ተቀምጦ ነበር።»

«ዱዊ ነበረ። ዱዊ፣ በሩ የት ነበር?»

«እኔ ጆሮ ሳይ ነበርኩ።»

«ትራክተር ነጂውን ጠይቄዋለሁ» አለች አርዲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ቦት ጫማው ጭቃ ውስጥ መቅረቱን ብቻ ነው።»

ኦሪን ትከሻውን ነቀነቀ።

«ቆይ እንጂ!» አለች። «ሁለተኛ የወጣችውን ተመልከት። ዕድሜ ልኳን ሰማንያን አልፋ የማታውቅ ፈረስ ናት። ያን ቀን ጋዜጣው ዘጠና አምስት አላት! ሦስተኛው ዘጠና ሦስት! ስምንቱም ፈረሶች ሐሙስ ጠዋት ምን በልተው መጡ?»

«አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ፈጣን ሩጫ ነበር፣ አለቀ። አንቺ ያየሽው አንድ ሰው ያየው ነው። ጋዜጣው ግን የአገሩን ሜዳ ሁሉ ይዟል።» ኦሪን ይህን እያለ አርዲት ይዛቸው ከመጣችው ደብተሮች አንዱን ስቦ ይገላልጥ ጀመር። ድንገት ጣቱ ቆመ፤ ድሮ ሰሌዳ ላይ የተማሪ ስህተት ሲያገኝ የሚያሳየው ደስታ ፊቱ ላይ በራ።

«ሰኔ ዘጠኝ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። ጭቃ። አንድ ማይል፣ በአንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ!» ደብተሩን ከፍ አድርጎ ያዘው። «ይሄ ፈረስ ነው ወይስ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር?»

ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሳቁ። አርዲት ያንን ገጽ ታውቀዋለች። ቁጥሮቹ በሷ እጅ የተጻፉ አይደሉም፤ ወፍራም፣ የተጣመሙ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰባቸው ናቸው። ሰረቅ አድርጋ ወደ ዱዊ አየች። ዱዊ ማኘኩን አቁሟል።

«የኔ ስህተት ነው» አለች።

«በራስሽ አፍ!» አለ ኦሪን። «እንግዲያው እንስማማ። ነገ ትኩስ ብስኩት በአንቺው ሰዓት፣ በአንቺው ሒሳብ ዘጠና ከደረሰ ደብተሮቹን ትዘጊያቸዋለሽ፤ እንደ ሰዉ ጋዜጣ ታነቢያለሽ። ካልደረሰ እኔ ኮምፒውተሬን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ።»

ደብተሩ ከተዘጋ ጠረጴዛው ለምኗ ነው? ፀጉሯን አበጥራ የት ልትሄድ? ሰው ሁሉ ግን እያያት ነው። «እሺ» አለች።

ዱዊ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ቤተ ክርስቲያኑ ምን በደለህ?» አለ። ማንም አልሳቀም። «ኦሪን፣ ያን ቀን ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ቀን?»

«ሰኔ ዘጠኝን።»

ኦሪን ደብተሩን ዝቅ አደረገ። ሰኔ ዘጠኝ ሃርላን የተቀበረ ቀን ነው። ኦሪን ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበር። ዱዊም መሸከም ነበረበት፤ አልመጣም። በጓደኛው ቀብር ቀን ፈረስ ሲወራረድ ዋለ ተብሎ ከተማው ሲያወራ ከረመ። ኦሪን ከሱ ጋር በየቀኑ ምሳ ይበላል፣ ፀጉሩን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቆረጠው ሃያ ማይል ነድቶ ሌላ ከተማ ሄዶ ነው።

«አንድ ቀን እንዳይጎድልባት ብዬ ነው» አለ ዱዊ ጠረጴዛውን እያየ። «ሃርላን ላይ ደግሞ ደብተሯ ባዶ ገጽ እንዳይሆንባት። ሰዓቱን ከወጥ ቤቷ ወስጄ አጥሩ ላይ ዋልኩ። ዘጠኙንም ሩጫ ለካሁ። ማቆሙን አውቄዋለሁ፤ ማስነሳቱ ነው የጠፋኝ። ፈረሶቹ እኔ ፊት ሲደርሱ ነው የተጫንኩት።»

«አንተ ፊት የት?»

«ሆት ዶግ መሸጫው ጋ።»

ኦሪን መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ ናፕኪን ሳበ። «ማይል ሲሮጥ ሆት ዶግ መሸጫው ከመነሻው ሩብ ማይል ይርቃል» አለ ለራሱ። «በጭቃ ሩብ ማይል ሃያ ስድስት ሴኮንድ ግድም…» ጻፈ፣ ደመረ፣ አፉን ከፈተ። «አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰባት። ልክ ነው እኮ! ዱዊ፣ ሰዓትህ ልክ ነው!»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» አለ ዱዊ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

አርዲት ተናፈጠችና መሐረቧን አጠፈች። «እንግዲህ» አለች በለሆሳስ፣ «ሰዓቱ የተነሳበት ቦታ ለውጥ ያመጣል ማለት ነዋ፣ ኦሪን?»

ኦሪን ናፕኪኑን አየ። ፊቱ ቀላ። «ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለ። «ለማንኛውም ያልኩትን… ከፈለግሽ እንተወው።»

«አልተውም። እሺ ብያለሁ፤ ነገ ይሮጣል።»

ቅዳሜ ኦሪን ሲመጣ ፀጉሩ አጥሮ፣ ጆሮው ዙሪያ በቅርብ የተላጨ ነጭ መስመር ይታይበት ነበር። የት እንደተቆረጠ ማንም አልጠየቀውም። አርዲት ያየችው ግን ዱዊን ነው፤ በየደቂቃው የኦሪንን ማጅራት እያየ የገዛ ሥራውን ያደንቃል።

ለስድስተኛው ሩጫ ሦስቱም ወጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። ሰማዩ ጠርቷል። በሩ ቦታው ላይ ነው፤ አርዲት ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች፣ አራት ቋሚ። ዱዊ ጆሮ አይቶ ተመልሷል።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ድንጉጥ ነው። ግራ ጆሮው አንድ ቦታ አይቀመጥም።»

አርዲት አውራ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አደረገች። በሩ ተከፈተ። ትኩስ ብስኩት እንደ ስሙ ከእሳት የወጣ ይመስል ተፈናጥሮ ወጣ። ሩብ ማይል ሲሄዱ መሪ ነው። ግማሽ ማይል ላይ ሌሎቹን በአምስት ፈረስ ርዝመት ጥሏቸዋል። ኦሪን የማይሰማ ነገር ያጉተመትማል። አርዲት ሰዓቱን አየች። ፈጣን ነው። ሰባ ዘጠኝ የሚሮጥ ፈረስ እዚህ ቦታ በዚህ ጊዜ አይደርስም። ሃያ ሁለቱ ደብተሮች ታዩዋት፤ ሳጥን ውስጥ ሆነው፣ ሳጥኑ አልጋ ሥር ሆኖ።

መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ገባ። በዚህ ጊዜ ከወንዙ በኩል የዝይ መንጋ እየተንጫጫ መጣና ክንፉን ዘርግቶ ሜዳው መካከል ዘጭ ዘጭ አለ።

ትኩስ ብስኩት አራቱንም እግሩን ተከለ። ጋላቢው በአንገቱ ላይ አልፎ ጆሮዎቹን ይዞ ተንጠለጠለ። ፈረሱ ወደ ቀኝ ዘለለ፣ ወደ ግራ ዘለለ፣ ከአንድ ወፍራም ዝይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ዝዩ አልነቃነቅ አለ። በመካከሉ ሁለት ፈረሶች አለፉት። በመጨረሻ ዝዩ አንገቱን ቀልብሶ መንገድ ሲለቅለት ትኩስ ብስኩት ሮጦ ሦስተኛ ወጣ።

ምሳ ቤት ተመልሰው አርዲት ደመረች፣ ቀነሰች። ሰባ አንድ።

ኦሪን ቁጥሩን አይቶ ክራባቱን ላላ አደረገ። «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘጠና አልደረሰም። በቃላችን መሠረት አሸንፈሻል። ኮምፒውተሩን ሰኞ እወስደዋለሁ።»

አርዲት እርሳሱን አላስቀመጠችም። ደስ ሊላት ሞከረች፤ እምቢ አላት። ያየችው ነገር ዓይኗ ላይ አለ።

«አላሸነፍኩም» አለች።

«እንዴት አላሸነፍሽም?»

«ዝዮቹስ? ፈረሱ ሰባ አንድ አልሮጠም፤ ዝዮቹ ናቸው ያስቆሙት። የዝዮቹን ለዝዮቹ ሳልሰጥ አልጽፈውም።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ዱዊ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሰውየው እጁን ሰጥቶሻል፤ ተቀበይና ዝም በይ!»

«ልክ አይደለማ!»

ኦሪን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ዓይኑ ውስጥ ሌላ ብርሃን ገባ። «ለዝዮቹ ስንት ልትሰጪ ነው?»

«አሥራ ሁለት ነጥብ።»

«አሥራ ሁለት? ፈረሱ ቆሞ ነበር እኮ! ከዝይ ጋር ሲነጋገር ነበር! ሃያ አምስት እንጂ!»

«ሃያ አምስት ብትሰጥማ ዘጠና ስድስት ገባ ማለት ነው። ፈረሱ ከመቆሙም በፊት ደክሞ ነበር፤ ጭራው መወዛወዝ ጀምሯል።»

«ስንት ዝይ ነበር?» አለ ኦሪን ብዕሩን አውጥቶ።

«ሰባት።»

«አሥራ አንድ!»

«አሥራ አንድ ናቸው» አለች ጄኔል ከኋላቸው። ትኬት መስኮቷን ዘግታ መጥታለች። «ግን ሚስ አርዲት፣ አንዱ ዳክዬ ነበር።»

«ዳክዬ በግማሽ ነው የሚታሰበው» አለች አርዲት ሳታቅማማ።

«በምን ሒሳብ?» አለ ኦሪን።

«በክንፉ ስፋት!»

አንድ የፈረስ ጠባቂ ባቄላውን ይዞ ቆመ። ወፍራሙ ዝይ ብቻውን አሥር ነጥብ ይገባዋል፣ ሌሎቹማ ገና ሲያዩት ሸሽተዋል አለ። የአንዱ ጋላቢ እናት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጋላቢው አንገት ላይ የቆየበት ጊዜ ለብቻው መቆጠር አለበት አለች፤ ልጇ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ያውቃል። ዱዊ ይህ ሁሉ የግራ ጆሮው ነገር እንደሆነ ሊያስረዳ ቢሞክር የሚሰማው አጣ። ስምንተኛው ሩጫ ሲጀመር ጠረጴዛው ሞልቶ ሰዎች ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣው ለትኩስ ብስኩት ስድሳ ስምንት ብሎ አተመ። ስለ ዝይ አንዲት ቃል የለም። ጠዋት ላይ ጄኔል ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ሚስ አርዲት፣ እነዚህ ሰዎች ዝይ አያውቁም እንዴ? ማንን ነው የምጠይቀው? ስልክ ብደውል ማን ያነሳል?» ከዚያ ጎንበስ አለች። «እርስዎ ግን ስንት ብለው ጻፉት?»

አርዲት ገጿን በእጇ ሸፈነች። ከጄኔል ኋላ አራት ሰዎች ቆመዋል። ከአራቱ አንዱ ያን የተበሳሳ ወረቀቱን ያልያዘው ኦሪን ነው።

«ሰባ ዘጠኝ ነው እንዳትይኝ ብቻ» አለ።

«ሰማንያ ሦስት» አለች አርዲት። ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ።

ነገሩ እስካሁን አልተቋጨም። ኦሪን ለዝዮቹ ከሃያ አምስት አልወርድም ብሏል፤ አርዲት ከአሥራ ሁለት አልወጣም። ኮምፒውተሩ ኦሪን ቤት አለ፣ ደብተሮቹም አልተዘጉም። ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን የዝናብ ሐሙስ በሩ በእርግጥ ወደ ኋላ ሄዶ ከነበረ ዘጠና ሰባቱ ከመጀመሪያውም የፈረሱ አልነበረም፤ ዝዮቹንም መቁጠር አያስፈልግም። ኦሪን በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሑፉ ምስክር የሚፈልግ ማስታወቂያ ጽፎ ራሱ ምሳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈላት። በሙጫ ሊለጥፈው ሲል እሷ በዱቄት ማጣበቂያዋ አስለጠፈችው። እስካሁን የመጣ ምስክር ግን የለም፤ ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ከአሥራ ሁለት አይበልጥም፣ ከነሱም ግማሹ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ድረስ አውርዶ ነበር።

ስለዚህ አርዲት ይህን የምታነቡትን ሁሉ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ ሐሙስ፣ በብሪያር ክሪክ ሜዳ አጥር ላይ ቆማችሁ የረጠባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሩ የት ቆሞ እንደነበር አስታውሱ፣ ቋሚዎቹን ቁጠሩና መጥታችሁ ንገሯት። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ናት። አራት ነው ብትሉም አትቆጣም፤ ብቻ ዝናቡ ከየት በኩል ይመታችሁ እንደነበር ትጠይቃችኋለች። አደራችሁን ግን ሁላችሁም በአንድ ቀን አትምጡባት፤ አንድ አንድ እያላችሁ ኑ።